አይጠየፍ እና አይጠየቅ

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ወጥቼ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ እየወጣሁ ነበር። የሐረጎን ዳገት ስንጀምር ጉሙ ወረደና ሹፌሩ መብራት አበራ። ከፊት መስተዋቱ ላይ የጃንሆይ ፎቶ ተንጠልጥሏል፣ ከጎኑ ሙስበሃ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ "ወንድሜ፣ ጃንሆይን ለምን ሰቀልካቸው?" አለው። ሹፌሩ ዞር ሳይል "በሳቸው ጊዜ አገር ነበራ!" አለ። በቃ። ከዚያ እስከ ፒያሳ ድረስ መኪናው በሙሉ ተከራከረ።

ከጎኔ የነበሩ አንድ አባት "ንጉሥ ቢኖረን ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ ባልመጣብን" አሉ። ተማሪው "አባባ፣ ታዲያ ወሎን ማን ሆነና ያስራበው?" አላቸው። እሳቸውም ቀበል አድርገው "በሰባ ሰባትስ ንጉሥ ነበር እንዴ?" አሉት። ልጁ መልስ አጣ። ረዳቱ ሒሳብ መሰብሰቡን ትቶ ያዳምጣል። እኔ ዝም አልኩ። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የልጁም ጥያቄ ልክ ነው፣ የአባባም ጥያቄ ልክ ነው። ሁለቱም ያልነኩት አንድ ነገር ግን አለ፣ እሱን ልጻፈው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ዘውድ ወደ ኢትዮጵያ እንዲመለስ አልፈልግም። ይህን ስል ግን ፎቶ የሚሰቅለውን ሰው ንቄ አይደለም። ደሴ ያደገ ሰው እንዴት ይንቃል? ስሟን ያወጡላት ዐፄ ዮሐንስ ናቸው ይባላል። መናገሻ ያደረጓት ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። ብዙዎቻችን የተማርንበት ትምህርት ቤት በልጃቸው በወይዘሮ ስኂን ስም ይጠራል፣ እሳቸው ደግሞ የእቴጌ መነን እናት ናቸው። ዐፄ ዮሐንስ የሃይማኖት ጉባኤ የጠሩበት ቦሩ ሜዳ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። እዚህ አገር የነገሥታት ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ብቻ ያለ ነገር አይደለም፣ ወደ ገበያ ስትሄድ የምታልፍበት መንገድ ነው።

ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ደግሞ ናፍቆቱ ጨመረ። ሰው ልጁን አዝሎ፣ ፍራሹን ተሸክሞ በዚያው በሐረጎ ቁልቁል ሲሸሽ ያየ ሰው "የሁላችን የሆነ አንድ አባት ቢኖር" ቢል አልፈርድበትም። የማንም ወገን ያልሆነ፣ ከፓርቲም ከዘርም በላይ የተቀመጠ፣ "ተው" ሲል የሚሰማ ሽማግሌ። ሰው የሚናፍቀው እሱን ነው። ዘውዱ የሚመጣው ለዚያ ናፍቆት ሌላ ስም ስላጣንለት ይመስለኛል።

ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አዳራሽ አይጠየፍ ይባላል። ስሙን ልብ በሉልኝ። ሀብታም ድሃ፣ ክርስቲያን ሙስሊም ሳይል ሁሉን የሚያስተናግድ፣ ማንንም የማይጠየፍ ማለት ነው። ያሠሩት ሰውዬ ራሳቸው መሐመድ ዓሊ ተብለው ያደጉ፣ ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ ክርስትና የተነሱ ናቸው። ልጅ ሆኜ ይህን ስም ስሰማ ኩራት ይሰማኝ ነበር፣ ዛሬም ይሰማኛል። ካደግኩ በኋላ ግን የመጨረሻዋን ፊደል እየቀየርኩ ማሰብ ጀመርኩ። አይጠየፍ። አይጠየቅ። ንጉሡ ማንንም ላይጠየፍ ይችላል። ግን እሱን ማን ይጠይቀዋል?

"ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" እያሉ ነው አያቶቻችን የኖሩት። ይሄ ደግሞ ተረት ሆኖ አልቀረም። በ1948 በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ውስጥ የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ እንደሆነ፣ ክብሩ እንደማይደፈር፣ ሥልጣኑ እንደማይነካ ተጽፎ ነበር። ምክር ቤት ነበር፣ በምርጫ የሚገቡ እንደራሴዎችም ነበሩ። ሚኒስትር የሚሾሙትና የሚሽሩት ግን ንጉሡ ናቸው። ስለዚህ ሚኒስትሩ የሚያየው ወደ ላይ ነው። ወደ ታች የሚያይበት ምንም ምክንያት የለውም።

አያቴ የመጣችው ከቆቦ በኩል ነው፣ በ1965። ዕድሜዋ 15 ግድም። መጀመሪያ ከብቱ አለቀ፣ ቀጥሎ ለዘር የተቀመጠው እህል ተበላ፣ ከዚያ የቤቱ ሰው በሙሉ ዋናውን መንገድ ይዞ ወረደ። ወልድያ፣ መርሳ፣ ውጫሌ፣ ሐይቅ። ስድስት ሆነው ተነስተው ደሴ የደረሱት ሦስት ናቸው። ይህን የነገረችኝ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ቡና እየቆላች፣ ዓይኗን ከምጣዱ ሳታነሳ። እኔ ደግሞ ያኔ ኮሌጅ ነበርኩ፣ ደሜ ፈልቶ ነበር፣ "እማማ፣ ንጉሡን አትጠያቸውም?" አልኳት።

"ለምን ብዬ ልጄ? እሳቸው መች ሰሙ። ቢሰሙማ ይደርሱልን ነበር።"

ይቺ ንግግር ከዚያ ቀን ጀምሮ ከውስጤ አልወጣችም። ቢሰሙ ይደርሱልን ነበር። ያንን ሁሉ መንገድ በባዶ ሆድ የሄደች ልጅ፣ ወንድሞቿን መንገድ ላይ ቀብራ የመጣች ልጅ፣ ለንጉሡ ምክንያት ትፈልግላቸዋለች!

ነገሩ ተደብቆ ነበር ማለት አይቻልም። በ1965 የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ መጥተው ፎቶ አንስተው፣ ግቢያቸው ውስጥ ለሕዝብ አሳይተዋል። ተማሪዎች ጮኸዋል። በእግራቸው አዲስ አበባ ድረስ ሄደው እርዳታ ሊጠይቁ የተነሱ ገበሬዎችን ፖሊስ ከከተማው ዳር መልሷቸዋል። መንግሥት ግን አፉን ዘጋ፣ ስሙ እንዳይጠፋ። ዓለም ያወቀው በ1966 መጀመሪያ አንድ የእንግሊዝ ጋዜጠኛ ቀርጾ ያሳየው ፊልም ከታየ በኋላ ነው። ወሎ ደግሞ ለረጅም ዘመን በአልጋ ወራሹ በመርዕድ አዝማች አስፋ ወሰን ስም የተሰጠ ጠቅላይ ግዛት ነበር። ከዚህ በላይ ለዙፋን ቅርብ የሆነ አገር ከየት ይመጣል?

ጃንሆይ ሰምተው ነበር ወይስ አልሰሙም የሚለው እስከ ዛሬ ሰው ያጣላል። ለኔ ሁለቱም ያው ነው። ሰምተው ዝም ብለው ከሆነ እሳቸውን የሚጠይቅ የለም። ካልሰሙም ያልነገራቸውን ሹም የሚጠይቅ የለም፣ ምክንያቱም ሹሙ የሚፈራው እሳቸውን እንጂ አያቴን አይደለም። ደግ ንጉሥ፣ ክፉ ንጉሥ የሚለው ክርክር የሚያደክመኝ ለዚህ ነው። ጃንሆይ ብዙ መልካም ነገር ሠርተዋል፣ ትምህርት ቤቱን፣ ሆስፒታሉን፣ አየር መንገዱን ማን ይክዳል? በጣሊያን ወረራ ጊዜ በኅዳር 1928 ደሴ ከአየር ስትደበደብ እሳቸው እዚሁ ከተማ ውስጥ ነበሩ፣ በፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ሲተኩሱ የተነሱት ፎቶ አለ። ደግነትም ጀግንነትም ግን የእህል መጋዘን ቁልፍ አይሆንም። ሰው ሲራብ የሚያስፈልገው ጩኸቱን ሰምቶ ዝም ያለውን ሹም ማግሥቱን ከወንበሩ የሚያነሳበት መንገድ ነው።

አሁን ወደ አባባ ጥያቄ ልምጣ፣ ምክንያቱም ከባዱ እሱ ነው። በሰባ ሰባት ንጉሥ ነበር እንዴ?

አልነበረም። ደርግ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ያንን የወሎ ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እያፈራረቀ በቴሌቪዥን አሳየ፣ በማግሥቱ ንጉሡን በቮልስዋገን ጭኖ ወሰዳቸው። የወሎ ሬሳ የሥልጣን መሰላል ሆነ። ከዚያስ? ልክ አሥር ዓመት ቆይቶ፣ መስከረም 1977፣ አዲስ አበባ ላይ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በትልቅ ድግስ ሲከበር፣ ፓርቲ ሲመሠረት፣ ያው ወሎ፣ ያው መንገድ፣ ኮረም ላይ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። ያኔም ወሬው እስከ በዓሉ ማለቂያ ታፈነ። ያኔም ዓለም የሰማው ከውጭ ጋዜጠኛ ነው። ዘውዱ ተነሳ፣ አይጠየቅ ግን እዚያው ወንበሩ ላይ ቀረ።

እና አባባ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ከዚህ እውነት የማገኘው መደምደሚያ ከሳቸው ይለያል። እሳቸው "እንግዲያው ንጉሡ ይሻላል" ይላሉ። እኔ የምለው ንጉሥን ማንሳት ግማሽ ሥራ ነበር፣ ግማሹን ማንም አልሠራውም ነው።

ብዙ ሰው የማያስታውሰው ነገር አለ። ደርግ መጀመሪያ ዘውዱን አላጠፋም። መስከረም 2 ቀን 1967 ባወጣው አዋጅ ዐፄ ኃይለ ሥላሴን አውርዶ፣ ለሕክምና ውጭ አገር የነበሩት አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ሲመለሱ እንደሚነግሡ፣ ግን በአገር አስተዳደርና በፖለቲካ ሥልጣን እንደማይኖራቸው ተናገረ። ማለትም በወረቀት ላይ ለስድስት ወር ያህል እንደ ኖርዌይ ወይም እንደ ስዊድን ያለ ንጉሥ የሚጠብቅ አገር ነበርን። ከዚያ ኅዳር 14 ቀን 60ዎቹ ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ተረሸኑ፣ አልጋ ወራሹም አልመጡም። መጋቢት 12 ቀን 1967 ዘውዱ በአዋጅ ተሰረዘ። በሺህ ዓመት የሚቆጠር ነገር በአንድ ወረቀት ተዘጋ። ይቅር ወይስ ይቆይ ብሎ ገበሬውን የጠየቀ የለም። አያቴን የጠየቃት የለም።

እዚህ ላይ ግሪክን ሳስብ እቀናለሁ። እኛ ንጉሥ ባወረድን በሦስተኛው ወር፣ በዚያው እ.ኤ.አ. በ1974 ታኅሣሥ፣ ግሪኮች ሕዝባቸውን ጠየቁ። የወታደር መንግሥታቸው ገና መውደቁ ነበር፣ ንጉሣቸውም ውጭ አገር ነበሩ። ወደ 69 ከመቶ የሚሆነው ሕዝብ ዘውዱ ይቅር አለ፣ ቀረ። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1946 ተጠይቀው ወደ 54 ከመቶ ለሪፐብሊክ ድምፅ ሰጡ። አውስትራሊያውያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ተጠይቀው ዘውዱ ይቆይ አሉ።

የኖርዌዩ ታሪክ ግን ከሁሉም ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1905 ከስዊድን ሲለዩ አንድ የዴንማርክ ልዑል ንገሥልን አሉት። እሱም መጀመሪያ ሕዝቡ ይጠየቅ አለ! ተጠየቀ፣ ወደ 79 ከመቶው እሺ አለ፣ ነገሠ። ይሄው ሰው ሆኮን ሰባተኛ ተብሎ ከ35 ዓመት በኋላ ናዚ ጀርመን አገሩን ወርራ የሷን ሰው ጠቅላይ ሚኒስትር አድርገህ ሹም ስትለው፣ ይህን ከማደርግ ዘውዴን እለቃለሁ ብሎ እምቢ አለ። እንዲህ ያለ ንጉሥ ያለው አገር ንጉሡን ቢያኖር ምን ልበል? ተጠይቆ የገባ ሰው ነው። የክርክሩ መለኪያ ለኔ ይሄ ነው፣ ዘውድ አለ ወይስ የለም ሳይሆን ተጠይቋል ወይ፣ ይጠየቃል ወይ።

በዚህ መለኪያ እንግሊዝን ሳየው ብዙም አያምረኝም። እዚያ አገር ንጉሣዊው ቤት ይቆይ አይቆይ የሚለው ክርክር ንግሥት ኤልሳቤጥ ካረፉ ወዲህ ከፍ ብሏል። ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በገንዘብ ነው፣ ስንት ይበላሉ፣ ስንት ቱሪስት ያመጣሉ። እሱን ለነሱ ልተወው። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። ያ ሁሉ ፓርላማ፣ ያ ሁሉ ጋዜጣ ያለበት አገር ውስጥ ንጉሡን ፍርድ ቤት መክሰስ አይቻልም። ንጉሡና አልጋ ወራሹ ከመንግሥት ጋር የሚጻጻፉት ደብዳቤ ከመረጃ ነፃነት ሕጉ ውጭ ነው። የንግሥቲቱ ባል የልዑል ፊሊፕ ኑዛዜ ለ90 ዓመት እንዳይከፈት ተዘግቷል። ንጉሥ አይከሰስ የኛ ብቻ አልነበረም ለካ።

"የእንግሊዝ ዘውድ ደሴን ምን አገባት?" የሚል ይኖራል። ያገባታል። መቅደላ እኮ እዚሁ ደቡብ ወሎ ነው። በ1860 እንግሊዞች መቅደላን ሰብረው፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ፣ የ7 ዓመት ልጃቸውን ዓለማየሁን ይዘው ሄዱ። እናቱ መንገድ ላይ ሞተች። ልጁ በባዕድ አገር፣ በብርድ፣ ያለ ዘመድ አደገና በ18 ዓመቱ ሞተ። ንግሥት ቪክቶሪያ አዝነውለት ዊንዘር ቤተ መንግሥት ባለው ቤተ ክርስቲያን እንዲቀበር አደረጉ። እዚያ ስሙ ያለበት ሰሌዳ ላይ የወንጌሉ ቃል ተጽፏል፣ "እንግዳ ሆኜ ተቀበላችሁኝ" የሚለው። እንግዳ! ከአገሩ ተወስዶ!

አጽሙ ወደ አገሩ ይመለስ ተብሎ በተደጋጋሚ ተጠየቀ። በ2015 ግንቦት ቤተ መንግሥቱ የሰጠው መልስ፣ አብረው የተቀበሩትን ሌሎች ሳይረብሹ ማውጣት አይቻልም የሚል ነው። አልቀረም፣ ተጠየቁ፣ መለሱ። ግን ይህን መልስ ይዘህ ይግባኝ የምትልበት ቦታ የት ነው? በድምፅ የማይወርድ ሰው እምቢ ሲልህ እምቢታው መጨረሻው ነው። መቅደላ ሥር ቆሜ ይህን ሳስብ ዓይኔ እንባ ያቀርራል። የኛም ልጅ፣ የኛም ንጉሥ ልጅ፣ በሌላ ንጉሥ ቤት ታስሮ ቀረ።

ዘውድ አገር ያረጋጋል የሚለውን ደግሞ ቶሎ ልለፈው፣ ምክንያቱም የኛው ታሪክ መልሶታል። ከዐፄ ቴዎድሮስ እስከ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ድረስ ቁጠሩ። ከአባት ወደ ልጅ በሰላም ያለፈ ዙፋን አንድም የለም። አንዱ በጦርነት፣ አንዱ በአድማ። የወሎ ሰው ይህን ሰገሌ ላይ በደሙ ነው የተማረው። መስከረም 17 ቀን 1909 የመኳንንቱና የጳጳሱ ጉባኤ ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን አወረደ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ዘመቱ፣ በወሩ ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ ተሸነፉ፣ ተማርከው በግዞት ሞቱ። ልጅየውም ዕድሜያቸውን በእስር ጨረሱ። ስንት የወሎ ገበሬ የአንድ ቤተሰብን የውርስ ክርክር ለመጨረስ እዚያ ሜዳ ላይ ቀረ? ልጅ ኢያሱ የኛ ናቸው፣ እወዳቸዋለሁ፣ ተበድለዋል ብዬም አምናለሁ፣ ግን ተከሰው መልስ የሚሰጡበት ችሎት አልነበረም። ንጉሥ አይከሰስ ሲባል ንጉሡንም እንደማይጠብቀው ያየሁት እዚህ ላይ ነው። የማይከሰስ ሰው የሚወርድበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ጉልበት።

እሑድ ዕለት አያቴ ጋ ሄጄ ነበር። ቡናው አቦል ደርሷል፣ ጎረቤቶችም አሉ፣ የሚኒባሱን ክርክር አነሳሁላቸው። አንዷ "ጃንሆይ ይምጡልን" አለች፣ ሌላዋ "ኧረ ወላሂ ማንም አይምጣ፣ ሰላም ብቻ" አለች። አያቴ ዝም ብላ ረከቦቱን ታስተካክላለች።

"እማማ፣ አንቺስ? ንጉሥ ይሻላል ወይስ የሚመረጥ?"

ቀና አለች። "እኔን ነው?"

"አዎ፣ አንቺን።"

ትንሽ አሰበች። ከዚያ ጀበናውን አንስታ "መጀመሪያ እኔ ልጠይቅሽ" አለችኝ። "እህል ሲጠፋ ለማን ነው የምንነግረው? እሱን ንገሪኝና እነግርሻለሁ።"

መልስ አላገኘሁላትም። ቶናውን ቀዳችልኝ።